ብድሩ አልተሰረዘም

ኢንግማር በርግማን እ.ኤ.አ. በ1957 የሠራውን «ስሙልትሮንስቴለት» ያየ ሰው ስለ ፊልሙ ስትጠይቁት መጀመሪያ የሚነግራችሁ ስለ ህልሙ ነው። ጭር ያለ መንገድ፣ አመልካች የሌለው ሰዓት፣ ከጋሪ ላይ የወደቀ የሬሳ ሣጥን፣ ከሣጥኑ የወጣ እጅ። እውነት ነው፣ አንዴ ያየው አይረሳውም። ስለ ፊልሙ የሚጻፈውም አብዛኛው እዚያው ህልም ላይ ተንጠልጥሎ እርጅና፣ ሞት፣ ጸጸት፣ ትዝታ እያለ ይቀጥላል። ስለ ብድሩ የሚያወራ ሰው ግን እምብዛም ነው። እኔ ደግሞ ፊልሙን የተሸከመው ብድሩ ነው ባይ ነኝ።

ላላያችሁት ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ። ኢሳክ ቦርግ 78 ዓመቱ ነው፤ ጡረታ የወጣ የሕክምና ፕሮፌሰር፣ ስቶክሆልም ውስጥ ከቤት ሠራተኛው ከአግዳ ጋር ይኖራል። በሕክምናው 50 ዓመት ስለሞላው የሉንድ ዩኒቨርሲቲ በክብር ሊሸልመው ጠርቶታል። በአውሮፕላን ሊሄድ ሁሉ ነገር ተሰናድቶ ሳለ፣ ያንን ህልም አይቶ ገና ሳይነጋ ይነቃና በመኪና ነው የምሄደው ይላል። አግዳ ታኮርፋለች። ባሏን ጥላ መጥታ እሱ ቤት የከረመችው የልጁ ሚስት ማሪያን ግን ወደ ሉንድ መመለስ ስለፈለገች አብራው ትሳፈራለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቅዳሜ፣ ጁን 1፣ በአንድ መኪናና በአንድ ቀን ያለቀ ነው።

እኔ ይሄን ፊልም ያሰብኩት መንገዱ ላይ ሆኜ ነው። ስዊድን ውስጥ ዕርገት ሁልጊዜ ሐሙስ ነው፤ እንደ እኛው። (የፈረንጁና የእኛ በየዓመቱ አይገጥሙም፤ ሐሙስነቱ ግን የጋራ ነው።) ሐሙስ ከተዘጋ አርብ መሥራት ምን ይሉታል? ስዊድኖቹ ለዚያች አርብ ስም አውጥተውላታል፦ «ክሌምዳግ»፣ በበዓሉና በቅዳሜ መሃል የተጨመቀች ቀን እንደ ማለት። ብዙ ሰው ፈቃድ ይወስድባትና አራት ቀን ያገኛል። እኛም አራት ጓደኛሞች መኪና ተከራይተን ከስቶክሆልም ወደ ሉንድ፣ ከዚያም ባሕሩን ተሻግረን ወደ ኮፐንሃገን ልንወርድ ተስማማን። ረቡዕ ማታ ተሰብስበን ፊልሙን አየነው፤ ለመንገዱ ማሟሟቂያ ይሆናል ብለን። ከመሃላችን አንዱ ሁለተኛውን አጋማሽ ተኝቶ ነው ያሳለፈው። አራቱን ቀን ሙሉ ከሁላችንም በላይ የተከራከረው ግን እሱ ነው።

ከስቶክሆልም ሉንድ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዛሬ በኢ4 አውራ ጎዳና ሲሄዱበት ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ኖርሾፒንግ፣ ሊንሾፒንግ፣ ከዚያ በቬተርን ሐይቅ ዳር ዳር ወደ ዮንሾፒንግ፣ ከዚያ ደን፣ ደን፣ አሁንም ደን። ፊልሙን እያስታወሳችሁ «ይቺ ዛፍ ያቺ ናት» እያላችሁ ልትሄዱ ካሰባችሁ ግን ተዉት። መኪናው ውስጥ የሚሆነው ነገር አብዛኛው መንገድ ላይ አልተቀረጸም። መኪናው ስቱዲዮ ውስጥ ቆሟል፤ መንገዱ ከኋላው መጋረጃ ላይ ይታያል። ማስመሰሉም ያስታውቃል። ከቤት ውጭ በተቀረጹት ትዕይንቶች ደግሞ ዓይን የሚወጋው ሌላ ነገር ነው፦ መኪናው በግራ በኩል ነው የሚሄደው። ስዊድን ወደ ቀኝ የዞረችው ሴፕቴምበር 3 ቀን 1967 ነው። ሹፌራችን ይሄን ሲያይ «ኧረ ሽማግሌው ሊያስፈጃቸው ነው!» ብሎ ጮኸ።

ለእኔ መጋረጃው ፊልሙን አይጎዳውም፤ እንዲያውም እውነቱን ያወጣዋል። መኪና የንግግር ቤት ነው። ቡና ላይ ክብ ሠርተን ነው የምንቀመጠው፤ ሁሉም የሁሉንም ፊት ያያል፣ ስለዚህም ሁሉም ፊቱን ይጠብቃል። መኪና ውስጥ ግን ሁሉም የሚያየው ወደ ፊት ነው። የሚናገረው የሰሚውን ዓይን ማየት አይገደድም፤ የሚሰማው ተነስቶ መሄድ አይችልም። ቤት ውስጥ ዓመት ሙሉ ያልተነገረ ነገር መኪና ውስጥ በሃያ ደቂቃ የሚወጣው ለዚህ ነው። በርግማን ይሄን ያውቃል። ማሪያንና ኢሳክን ጎን ለጎን አስቀምጦ ካሜራውን ከፊታቸው ያቆማል። እኛ ሁለቱንም ፊቶች እናያለን፤ እነሱ አይተያዩም።

ከተማውን ብዙም ሳይርቁ ማሪያን ሲጋራ ልትለኩስ ትላለች። ይከለክላታል፤ ሴት ልጅ ማጨሷን የሚከለክል ሕግ ሊኖር ይገባል ባይ ነው። ትተወዋለች። ወዲያው ነገሩ ወደ ብድሩ ይዞራል። ልጁ ኤቫልድ ከአባቱ ገንዘብ ተበድሮ በየጊዜው ይመልሳል። አባትየው ሀብታም ነው፤ ገንዘቡ ቢመለስም ባይመለስም ኑሮው አይለወጥም። ግን ቃል ቃል ነው ይላል። ልጄ ይሄን ያውቃል፣ ያከብረኛልም። ማሪያንም ድምጿን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ፣ ሊሆን ይችላል፣ ግን ይጠላዎታልም ትለዋለች። በእኛ አገር ምራት ለባሏ አባት እንዲህ ብላ ብትናገር ሽማግሌ ይሰበሰባል። እዚህ መኪናው መንገዱን ይቀጥላል። እሷም አልጨረሰችም፤ ችግር ገጥሟት ቤቱ በመጣች ጊዜ የእናንተ የትዳር ጣጣ አይመለከተኝም ብሎ እንደመለሰላት አንድ በአንድ ታስታውሰዋለች። እሱ ረስቶታል። ከምኑም በላይ የሚያስደነግጠው ይሄ መርሳቱ ነው።

ይሄን ያነሳነው ኖርሾፒንግን አልፈን ነው። ፊልሙን ተኝቶ ያሳለፈው ጓደኛችን ከኋላ ሆኖ፣ «እኔ እኮ ኤቫልድ አልገባኝም፤ ምን ሆንኩ ነው የሚለው? ዕዳው ቁጥር አለው» አለ።

መጀመሪያ ሳቅን። ከዚያ ሳቁ ቆመ። እዚያ መኪና ውስጥ ከነበርነው መሃል በየወሩ ወደ ቤት ገንዘብ የማይልክ የለም። ማንም «ክፈሉ» ብሎን አያውቅም፤ ተበደራችሁ ያለንም የለም። አማርኛ ለዚህ ሌላ ቃል አለው፤ ዕዳ አንለውም፣ ውለታ ነው የምንለው። ዕዳ መጠን አለው፣ ቀን አለው፣ ሲያልቅ ደረሰኝ አለው። ውለታ ግን ተከፍሎ አያልቅም፤ አለቀ ብሎ ማሰቡ ራሱ ነውር ነው። በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኤቫልድን ለሚያይ ሰው የልጁ ዕድል ያስቀናል። አባቱ ነጻ መውጫውን በክሮና ለክቶ ሰጥቶታል። ፊልሙ ላይ የሚጽፉት ፈረንጆች ብድሩን የአባትየው ብርድ ምልክት አድርገው ያልፉታል። ያ ልጅ ዕዳውን የሚጨርስበትን ቀን ማወቁ ምን ያህል ነጻነት እንደሆነ ለመጠርጠር ግን ከሌላ ዓይነት ቤት መውጣት ሳያስፈልግ አይቀርም።

ፊት የተቀመጠችው ጓደኛችን ናት ነገሩን የገለበጠችው። «እሺ፣ ሲያልቅስ?» አለችው። «ኤቫልድ የመጨረሻዋን ከከፈለ በኋላ አባቱን ምን ብሎ ይደውልለታል?»

ከዚያ ወዲህ ፊልሙን በዚህች ጥያቄ ነው የማየው። ይሄ ሽማግሌ ከልጁ ጋር ያለው መስመር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ብድሩ። ምን ተሰማህ ብሎ አይጠይቀውም፣ እንዴት ነህ አይለውም። ግን ልጁ እያለ ነው፣ ቃሉን እየጠበቀ ነው፣ «ያከብረኛል»። ገንዘቡን ስለማይፈልገው ነው ብድሩን የማይሰርዘው፤ ገመዱ እንዳይበጠስበት። ለእኔ ኢሳክ ቦርግ ልቡ የደረቀ ሰው አይደለም። ሊሰጥ የሚገባውን ነገር በሙሉ ወደ ሂሳብ ካልለወጠ እጁን መዘርጋት የማይችል ሰው ነው። እናቱም እንዲሁ ናት። መንገድ ላይ ቆመው ይጠይቋታል፤ ዘጠና ዓመት ያለፋት፣ ከአሥር ልጆቿ እሱ ብቻ የቀረላት አሮጊት። የድሮ መጫወቻዎችን ከሣጥን እያወጣች የማን እንደነበረ ትቆጥራለች፣ ሁልጊዜ ይበርደኛል ትላለች፣ ለልጅ ልጇ ልትሰጠው ያሰበችውን የወርቅ ሰዓት ታወጣለች። አመልካች የለውም። ማሪያን ከወንበሯ ሆና ሦስቱን ትውልድ በአንድ ዓይን ታያለች፤ እናቲቱን፣ ኢሳክን፣ ቤት ያለውን ባሏን። ማርገዟን ለኢሳክ ገና አልነገረችውም።

አሁን ስለ ህልሞቹ። የፊልሙ ርዕስ የመጣው ከዱር እንጆሪ ነው። «ስሙልትሮን» ጥፍር የምታክል ቀይ የዱር እንጆሪ ናት፤ «ስሙልትሮንስቴለ» ደግሞ እሷ የምትበቅልበት ቦታ። ስዊድኖች ቃሉን ለራሳቸው ብቻ ለሚያውቋት፣ ለሰው ለማይናገሯት ውድ ስፍራም ይጠቀሙበታል። በእንግሊዝኛው ርዕስ ፍሬዋ ቀርታ ቦታዋ ጠፍታለች። ኢሳክ በልጅነቱ የሚከርምበት የበጋ ቤት ደጃፍ ላይ መኪናውን አቁሞ፣ እንጆሪዋ ካለችበት ሳር ላይ ተቀምጦ፣ ሊያገባት የነበረችው የአጎት ልጅ ሳራ በወንድሙ በሲግፍሪድ ስትሳም ያያል። እሱ እንደ ሸመገለ ነው፤ እነሱ ነጭ ለብሰው ልጆች እንደሆኑ ናቸው። ያምራል፣ ምንም ማለት አይቻልም። የጉናር ፊሸር ካሜራ ያንን ነጭ ልብስና ብርሃን ሲያነሳ ጥቁርና ነጭ ፊልም መሆኑን ያስረሳል።

የፈተናው ህልም ግን ያደክመኛል። ኢሳክ ተማሪ ሆኖ ፈታኝ ፊት ይቀርባል። ማይክሮስኮፑ ውስጥ የራሱን ዓይን ነው የሚያየው። የሐኪም የመጀመሪያ ግዴታ ምንድን ነው ሲባል ይጠፋዋል፤ ይቅርታ መጠየቅ ነው ይባላል። ጥፋተኛ በመሆን ጥፋተኛ ነህ ይባላል። ህልም እንደ ፈቺው ነው ይላሉ እኛ ጋ፤ እዚህ ግን ህልሙ ፈቺውን ይዞት ነው የመጣው። ለእኛ የተተወ ሥራ የለም። መኪናው ውስጥ በአንድ «ይጠላዎታልም» ያለቀውን ነገር ህልሙ አሥር ደቂቃ ወስዶ በሰሌዳ ላይ ይጽፍልናል።

ደግሞም ይሄን ጽሑፍ የጻፈው ሰው ሽማግሌ አልነበረም። በርግማን ያኔ 38 ዓመቱ ነበር፤ በዚያው ዓመት መጀመሪያ «ሰባተኛው ማኅተም»ን አውጥቶ፣ በጸደይ ሆስፒታል ተኝቶ ነው ይሄኛውን የጻፈው። ሐሳቡ የመጣልኝ ወደ ኡፕሳላ ስነዳ የአያቴን ቤት ስጎበኝ ነው እያለ ሲያወራ ኖሮ፣ በኋላ ስለ ፊልሞቹ በጻፈው መጽሐፍ ያ ታሪክ ውሸት እንደነበር ራሱ ተናግሯል። የኢሳክ ቦርግ ስም የመጀመሪያ ፊደላት የኢንግማር በርግማን ናቸው፤ በስዊድንኛ «ኢስ» በረዶ፣ «ቦርግ» ምሽግ ነው። ሰዎች ይሄን ይዘው «በርግማን ራሱን ሽማግሌ አድርጎ ሣለ» ይላሉ። ዕድሜውን ግን ቁጠሩት፤ ለኤቫልድ ነው የሚቀርበው። ይሄ ባለ ዕዳው ስለ አበዳሪው የጻፈው ፊልም ነው። ልጅ አባቱን ችሎት አቁሞ፣ ፈታኝ መድቦ፣ ጥፋተኛ አስብሎታል፤ የፈተናው ህልም የሚከብደውም ለዚህ ይመስለኛል።

ፊልሙን ከልጅ ክስ ያዳነው ቪክቶር ሾስትሮም ነው። እሱም ዳይሬክተር ነበር፣ ያውም ድምፅ አልባው ዘመን ካፈራቸው ታላላቆች አንዱ፤ በ1921 የሠራው የሙታን ጋሪ ፊልም በርግማንን የቀረጸ ሥራ ነው። እዚህ ሲተውን 77 ዓመቱ ነው፤ የመጨረሻ ፊልሙም ሆነ፣ በጃንዋሪ 1960 አረፈ። ጽሑፉ ኢሳክን ይከሳል፤ የሾስትሮም ፊት ግን መከላከያውን ያቀርባል። በርግማንም ሾስትሮም ጽሑፌን ወስዶ የራሱ አደረገው ብሏል። ማሪያን «ይጠላዎታልም» ስትለው ፊቱን ልብ ብላችሁ እዩት። አይቆጣም፣ አያለቅስም። ከሩቅ ስሙን የጠራው ሰው እንዳለ ሁሉ ትንሽ ያዳምጣል።

በበጋው ቤት ሦስት ወጣቶች ይሳፈራሉ። ሌላዋ ሳራ (ሁለቱንም ሳራዎች ቢቢ አንደርሾን ናት የተጫወተቻቸው)፣ ቄስ መሆን የሚፈልገው አንደርሽ፣ ሐኪም መሆን የሚፈልገው ቪክቶር። ወጣቶቹ ጨዋታ ያመጣሉ፤ ያለ እነሱ ፊልሙ ይታፈን ነበር። ከእነሱ ቀጥሎ መንገድ ላይ ሊጋጯቸው የደረሱ ባልና ሚስት ይሳፈራሉ፤ ሁለቱ ሲሰዳደቡና ሲዋረዱ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ልጆች አፋቸውን ከፍተው ይሰማሉ። በዚህ ጊዜ መሪውን የያዘችው ማሪያን ናት። መኪናውን ዳር ታስይዝና፣ ለልጆቹ ስትል፣ ውረዱ ትላቸዋለች። መኪና ውስጥ ተነስቶ መሄድ አይቻልም ብዬ ነበር፤ ሹፌሯ ግን ማውረድ ትችላለች። በፊልሙ ውስጥ ውሳኔ ሲወሰን በዓይናችን የምናየው እዚህ ነው፤ ወሳኟም እሷ ናት።

ቬተርን ሲመጣ መንገዱ ራሱ ይለወጣል። ሐይቁ በስፋቱ ከስዊድን ሁለተኛ ነው። ከኤደስሆግ እስከ ሁስክቫርና ጎዳናው ከኮረብታው ላይ ሆኖ ውሃውን ቁልቁል ያያል፤ ሬዲዮ የሚዘጋበት ስፍራ ነው። በዚህ አገር ኢሳክ ወጣት ሐኪም ሆኖ ሠርቷል። ነዳጅ ሊቀዱ ሲቆሙ ማደያው ያለው ወጣት (ማክስ ቮን ሲዶው ነው፣ ለጥቂት ደቂቃ) ያውቀዋል፤ አካባቢው ያደረገላቸውን እንዳልረሳ ይነግረዋል፣ ሚስቱን ጠርቶ ያስተዋውቀዋል፣ የሚወለደውን ልጅ በስሙ ሊጠሩት ያስባሉ። ክፍያ አይቀበልም። ኢሳክም ለራሱ እንደሚያወራ፣ ምናልባት እዚሁ መቅረት ነበረብኝ ይላል።

ልብ በሉ፤ ይሄ ውለታ ነው። በአማርኛው ትርጉሙ፣ ያለ ቅናሽ። ይሄ ሰው አንድ ዘመን ላይ ያለ ሂሳብ መስጠት ያውቅ ነበር ማለት ነው። ፊልሙ ይሄን በሁለት ደቂቃ ነግሮን ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደተበላሸ አይነግረንም። በሙያዬ ፕሮግራም ጻፊ ነኝ፤ አንድ ነገር ይሠራ ከነበረ መቼ መሥራት አቆመ ብሎ መጠየቅ ለምዶብኛል። በርግማን መልሱን አለመስጠቱ ህልሞቹ ከሰጡት መልስ ሁሉ ይበልጥብኛል።

እኛ ግሬና ላይ ነው ነዳጅ የቀዳነው፤ ቀይና ነጭ ባለ መስመር ከረሜላዋ የታወቀች ትንሽ ከተማ ናት፤ በ1859 አማሊያ ኤሪክሾን የምትባል ባል የሞተባት ሴት ለልጇ እንጀራ ብላ የጀመረችው ንግድ ነው። ማደያው ሰው የለውም። ካርድ ታስገባለህ፣ ትቀዳለህ፣ ትሄዳለህ። «ተዉት፣ አትክፈሉ» የሚል ሰው ቢኖር እንኳ ማሽኑ አይሰማውም። ማታ ላይ ደግሞ ስዊሽ መጣ። ስዊሽ እዚህ አገር ሁሉም ሰው በስልኩ ገንዘብ የሚላላክበት ነው፤ ሹፌራችን ነዳጁን፣ ኪራዩን፣ ከረሜላውን ሳይቀር ለአራት ከፍሎ ጥያቄ ላከልን። አዲስ አበባ ቢሆን ካሸሯ ፊት እጅ ለእጅ ተያይዘን «እኔ ልክፈል፣ በእናትህ» ስንባባል እናመሽ ነበር። ሁላችንም በአንድ ደቂቃ ከፈልን፤ ተመቸንም። ያ ጓደኛችን ስልኩን አስቀምጦ «ይኸው፣ ኤቫልድ ሆንን» አለ።

ሐይቁ ላይ ቁልቁል በሚያይ ሰገነት ላይ ምሳ ይበላሉ። ኢሳክ ወይን ጠጥቶ ድሮ ሐኪም እያለ ያጋጠመውን እያወራ ያስቃቸዋል። ሁለቱ ወጣቶች እግዜር አለ የለም እያሉ ይጣላሉ። አንዱ ሽማግሌውን ይጠይቀዋል፤ እሱ ሲጋራውን ለኩሶ መልስ በመስጠት ፈንታ የቫሊንን መዝሙር በቃሉ ይጀምራል። አንዱ ሲቆም አንዱ ይቀጥላል፤ ማሪያንም ትገባበታለች። ሙግቱ ሳይፈታ ይረግባል። አባቶች ጠበኞች መሃል ገብተው ነገሩን በግጥም ሲያበርዱት ያየ አንባቢ ይሄን ለመረዳት የስዊድንን ሃይማኖት ማወቅ አያስፈልገውም።

ከእናቱ ቤት ሲወጡ ይዘንባል። ኢሳክ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ያ የፈተና ህልም እዚህ ይመጣል። ሲነቃ ማሪያን ታወራዋለች። ከወራት በፊት ኤቫልድን ባሕር ዳር ወስዳ፣ መኪና ውስጥ፣ በዝናብ፣ ማርገዟን ነግራዋለች። ሌላ መኪና አይደለም፣ ሌላ ወንበርም አይደለም፤ ትረካው ሲጀምር አባትየው በተቀመጠበት ልጅየው ተቀምጦ እናገኘዋለን። ኤቫልድ ልጁን አልፈልግም ይላል። እኔ ራሴ ሳልፈለግ የተወለድኩ ነኝ፣ አባቴም የእሱ ልጅ መሆኔን እንጃ ይላል፤ ወርዶ ዝናብ ውስጥ ይቆማል። እሷም ተከትላው ትወርዳለች። ልጁን እወልዳለሁ ነው ያለችው። ትረካው ሲያልቅ ወደ ሽማግሌው እንመለሳለን። ምን ይላታል? ምክር የለም፣ ይቅርታ የለም። ማጨስ ከፈለግሽ አጭሺ ይላታል።

የዚህ ሰው ለውጥ ይህችው ሲጋራ ናት። ከአራት ህልም በላይ የምትመዝንብኝም ለዚህ ነው። ጠዋት የከለከላትን ማታ ፈቀደላት፤ 600 ኪሎ ሜትር ፈጀበት።

ሉንድ ላይ ያለው ሥነ ሥርዓት በአጭሩ ያልፋል፤ ማለፉም ልክ ነው። ላቲን፣ ባርኔጣ፣ መድፍ፣ ሰልፍ። አግዳ በአውሮፕላን ቀድማው ደርሳ ልብሱን አዘጋጅታለች። እኛ ካቴድራሉ ውስጥ የመካከለኛው ዘመን ሰዓቱን አየነው፤ ከሰዓቱ ሌላ የጨረቃውንና የከዋክብቱን ዑደት ያሳያል፣ በቀን ሁለቴ ትናንሽ ምስሎች ወጥተው ይሰለፋሉ። አመልካቹ በቦታው አለ። ስለ ኮፐንሃገን እዚህ የምጽፈው የለኝም፤ ድልድዩ ያምራል፣ የመሻገሪያው ክፍያ አያምርም።

ማታ ሆኖ ኢሳክ ሊተኛ ሲል ሁለት ሙከራ ያደርጋል። የመጀመሪያው ከአግዳ ጋር ነው። አርባ ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች ነን፣ አንቱታውን ትተን አንተ አንቺ እንባባል ይላታል። እንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ «ዩ» ብቻ ስላለው እዚህ ጋ ይቸገራል። አማርኛ ግን ምንም አያጣም፤ ይሄ ትዕይንት ለእኛ የተጻፈ ነው የሚመስለው። አግዳ እምቢ ትላለች። ሴት ስሟን መጠበቅ አለባት፣ በዚህ ዕድሜያችን ሰው ምን ይለናል። ስታዲየም ሙሉ ሰው ያጨበጨበለት ያህል የከበረ ፕሮፌሰር ጥያቄው በጨዋ ደንብ ተመለሰበት። በሩን ግን ገርበብ አድርጋ ነው የምትሄደው፣ የሚያስፈልገው ነገር ካለ ብላ። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ መንገዱ ወደ ቀኝ በዞረበት በዚያው በ1967፣ ብሮር ሬክሴድ የተባለ የጤና መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሠራተኞቹን ሁሉ አንተና አንቺ እንደሚላቸው አስታወቀ፤ አገሩም ተከተለው። ዛሬ ስዊድን ውስጥ አለቃህን አንተ ነው የምትለው። አግዳ ግን ልክ ነበረች እላለሁ። አርባ ዓመት ያዘዘ ሰው በአንድ ሌሊት እኩል እንሁን ሲል፣ ጥያቄውም ትእዛዝ ይመስላል።

ሁለተኛው ሙከራ ብድሩ ነው። ኤቫልድና ማሪያን ወደ ዳንስ ወጥተው የማሪያን ጫማ ተረከዙ ስለተሰበረ ተመልሰዋል። ኤቫልድ አባቱ አልጋ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። አብረው ሊኖሩ ነው፤ ያለሷ መሆን አልችልም ይላል። አባትየው ስለ ገንዘቡ ይጀምራል። ገና ሳይጨርስ ልጁ ያቋርጠዋል፤ አታስብ፣ ገንዘብህን ታገኛለህ። እሱን ማለቴ አልነበረም ይላል ኢሳክ። ልጁ ያው ይደግመዋል። አለቀ። ማሪያን ትገባለች፣ ወሬው ይቀየራል።

ይሄን ትዕይንት ሲመለከቱ ብዙዎች «ታረቁ» ብለው ያልፋሉ። ምኑ ነው የታረቀው? አባትየው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሂሳብ ሊናገር ሞከረ፤ ልጁ የሚያውቀው ቋንቋ ግን አባቱ ያስተማረው ነው፣ በዚያው መለሰለት። ብድሩ አልተሰረዘም። ነገ ኤቫልድ ይከፍላል። ከአልጋው ተነስቶ ቼኩን መቅደድ ይችል ነበር፤ ደብዳቤ መጻፍ ይችል ነበር። እሱ ግን ይተኛል። ከዚያ የመጨረሻው ራእይ ይመጣል፦ ሳራ እጁን ይዛ ውሃ ዳር ታደርሰዋለች፣ ከማዶ አባቱ መቃጥን ይዞ ተቀምጧል፣ እናቱ አጠገቡ ናት፣ እጃቸውን ያነሱለታል። በጣም ያምራል፤ የማልቀበለውም እሱን ነው። ሽማግሌው ከሞቱት ጋር ሲታረቅ ምንም አልከፈለም። በሚቀጥለው ክፍል ያለው ሕያው ልጁ ክሮናውን እየቆጠረ ነው። ፊልሙ 1958 ላይ በርሊን ወርቃማውን ድብ ሲሸለም ዳኞቹ ያዩት ያንን ውሃ ይመስለኛል።

በመልስ ጉዞ ያ ጓደኛችን የቀረውን አጋማሽ የኋላ ወንበር ላይ ሆኖ በስልኩ ጨረሰውና ተቃወመኝ። ከልጁ በኩል አየኸው፣ ሰውየው ደከመው እንጂ አልሰሰተም፣ 78 ዓመቱ ነው፣ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ነበር አለኝ። ፊት ያለችው ደግሞ ኤቫልድን ነው የከሰሰችው፤ አባቱ ሲናገር አንድ ደቂቃ ዝም ቢል ምን ነበር? አልተስማማንም። ሊንሾፒንግ ላይ ለቡና ቆመን፣ ተቀያይረን ተቀመጥን፣ ቀጠልን።

ያ የመጨረሻው ፊት ላይ ግን ሁላችንም አንድ ነበርን። ካሜራው ተጠግቶ ሾስትሮምን ያየዋል፤ ብርሃን ወርዶበታል፣ ምንም አይጎድለውም። በቀረጻው ወቅት ሽማግሌው በሰዓቱ ቤቱ ገብቶ የማታ ዊስኪውን ካልያዘ ይበሳጭ እንደነበር በርግማን ያወራል። በዚያ ፊት ላይ የምናየው ሰላም የኢሳክ ቦርግ ይሁን የዊስኪው፣ እኔ እንጃ።